ከአጥሩ ውጭ ያለው ዓባይ

ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ባለው ከፍተኛ አገር ላይ የሚዘንበው ዝናብ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር፣ «ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ነገር ግን በሦስት በር ይወጣል» ብዬ እመልስለታለሁ። በሰሜን በኩል የሚወርደው በዳንግላ አጠገብ እንደሚያልፈው እንደ ክልቲ ባሉ ወንዞች ወደ ግልገል ዓባይ ይገባና ጣና ይደርሳል። በደቡብ በኩል የሚወርደው በፈጣምና በአየሁ አድርጎ፣ ጣናን ሳያይ፣ በቀጥታ ከታላቁ ዓባይ ይቀላቀላል። ከዳንግላ በስተ ምዕራብ የሚወርደው ደግሞ ወደ በለስ ይሄዳል፤ በለስም ቆላውን አቋርጦ በመጨረሻ ከዚያው ከዓባይ ይገናኛል። የአዊ ምድር እንግዲህ እንደ ቤት ጣራ ነው። ጠብታው በየትኛውም ክዳን ላይ ቢወድቅ የሚጠራቀመው ከአንድ ጋን ነው። እኛም የምንኖረው ከጣራው ላይ ነን።

ይህን ነገር ልብ እንድል ያደረገኝ በልጅነቴ የተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። የጂኦግራፊ መምህራችን በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የኢትዮጵያ ካርታ እያሳዩ፣ ከኪሳቸው ሲባጎ አውጥተው ከባሕር ዳር ጀምረው በዓባይ ላይ እንድናስኬደው አዘዙን። ሲባጎው መጀመሪያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሄደ፤ ቀጥሎ ወደ ደቡብ ታጠፈ፤ ከዚያም ወደ ምዕራብ፣ በመጨረሻም ወደ ሰሜን ምዕራብ ዞረና ከሱዳን ድንበር ደረሰ። ጎጃም በሙሉ፣ እኛም ከነትምህርት ቤታችን፣ በሲባጎው መካከል ነበርን። መምህራችን ምንም ሳይጨምሩ «በኦሪት ዘፍጥረት ስለ ግዮን ምን ተጽፏል?» ብለው ጠየቁን። ወንዙ የኢትዮጵያን ምድር ይከብባል መባሉን ሁላችንም በቃላችን እናውቅ ነበር፤ ነገር ግን የመክበቡን ነገር ከዚያ ቀን በፊት በዓይናችን ያየን አልነበርንም።

ሊቃውንት የገነቱ ግዮን የትኛው ወንዝ እንደሆነ ብዙ ተከራክረዋል፤ ክርክሩን ለእነርሱ እተወዋለሁ። የአገራችን ሰው ግን ዓባይን ግዮን ብሎ ካመነ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ይህም እምነት በአኗኗሩ ላይ ሥርዓት አስከትሎ ቆይቷል። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ካርታም አላየችም። ሆኖም በወራጅ ውኃ ላይ መትፋትና መሽናት ከእርሷ ዘንድ ከስርቆት የማይተናነስ ነውር ነበር። ከመሸ በኋላ ከምንጩ ውኃ መቅዳት አይፈቀድልንም፤ «ምንጩ ይረፍ» ትለን ነበር። ግልገል ዓባይን ስትጠራም እንደ ሕፃን አቆላምጣ ነው። በእውነቱ ስሙ የሚያስደንቅ ነው፤ ግልገል ማለት የፍየልና የበግ ልጅ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ግብፅን የሚያጠጣውን ወንዝ አባቶቻችን ገና ጡት ያልጣለ እንስሳ አስመስለው ሰየሙት። ግልገል ደግሞ ጠባቂ ይሻል።

የግልገሉ መወለጃ ግሽ ዓባይ በሰከላ ወረዳ ነው፤ አዊን በምሥራቅ በኩል ያዋስናል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ከግሽ ተራራ ሥር የሚፈልቅ ትንሽ ምንጭ ነው፤ ትልቅ ነገር እመለከታለሁ ብሎ የሄደ ሰው መጀመሪያ ያዝናል። ይህን ትንሽ ውኃ ለማየት ግን ብዙ ሰዎች ከሩቅ መጥተዋል። የኢየሱሳውያኑ ካህን ፔድሮ ፓኤዝ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሄዶ አይቶታል፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ደርሶ በደስታ ብዛት ራሱን መቈጣጠር አቅቶት ነበር። ሁለቱም የአካባቢው የአገው ሰዎች በምንጩ ላይ ከብት እያረዱ ያከብሩት እንደነበር ጽፈዋል። በእኛም ዳንግላ ከ1925 እስከ 1934 የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ የተቀመጠው ሻለቃ ቺዝማን የጣናንና የዓባይን አካባቢ በእግርና በበቅሎ ዞሮ ካርታውን አንሥቷል። እነዚህ ሁሉ የመጡት ለማየትና ለመለካት ነው። የእኛ ሰው የሚሄደው ለሌላ ጉዳይ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ቦታው የአቡነ ዘርአ ብሩክ ነው፤ በዓላቸውም ጥር 13 ቀን ይከበራል። ጻድቁ ስደት በመጣባቸው ጊዜ መጻሕፍታቸውን ለምንጩ አደራ እንደ ሰጡ፣ ከዓመታት በኋላም ተመልሰው ውኃው እንዲመልስላቸው ባዘዙ ጊዜ አንዲት ፊደል ሳትጠፋ እንደ ተቀበሉ ይተረካል፤ «ግሽ» የሚለው ስም የመጣው ውኃውን «መልሰህ አውጣ» ካሉበት ቃል ነው የሚሉ አሉ። ምእመናን ጠበሉን ለመጠጣትና ለመጠመቅ ጾመኛ ሆነው ይሄዳሉ፤ እህል የቀመሰ ሰው ወደ ምንጩ አይገባም። ምንጩም በአጥር የተከለለ ነው። እኔ ይህን ትረካ ስሰማ ሁልጊዜ ከልቤ የሚገባው የአደራው ነገር ነው። ሰው ለውኃ አደራ ሰጠ፤ ውኃውም አደራውን አልበላም።

ከቲሊሊ ወደ ግሽ ዓባይ በሚወስደው መንገድ የሚጓዝ ሰው ዓይኑን ከፍቶ ቢመለከት፣ ከአጥሩ ውስጥ ያለውና ከአጥሩ ውጭ ያለው የአንድ አገር አይመስለውም። ከውስጥ ጫማ ይወልቃል፤ ድምፅ ዝቅ ይላል። ከውጭ ደግሞ ዳገቱ እስከ አፋፉ ታርሷል፤ በየማሳው መካከል ቦረቦር ተከፍቷል፤ ከብት ያለ ጠባቂ በወንዙ ዳር ይርመሰመሳል። በየአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ያለውም እንዲሁ ነው። ከሩቅ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው የጽድ፣ የወይራና የዋንዛ ጉብታ ሁሉ ደብር ነው፤ የቅጥሩ ድንበር ካለቀበት ደረቅ ማሳው ይጀምራል። ይህን የምለው የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያተረፈውን ለማቃለል አይደለም፤ እነዚያ ደኖች ባይኖሩ የአገራችን ዛፍ ምን ዓይነት እንደነበረ የምታውቁት በስም ብቻ በሆነ ነበር። የሚያስጨንቀኝ አጥሩ ለምን እንዲህ ጠበበ የሚለው ነው። ወንዙ ከአጥሩ ውጭ ከወጣ በኋላም ያው ወንዝ አይደለምን?

በዳንግላ አቅራቢያ ሳስተምር ተማሪዎቼን በዓመት ሁለት ጊዜ ጠርሙስ አስይዤ ወደ ክልቲ ወንዝ እወስድ ነበር። አንዱ ጊዜ ሰኔ አጋማሽ፣ ፈተና ሊደርስ ሲል ነው፤ ሁለተኛው መስከረም፣ ትምህርት እንደ ተከፈተ ነው። ውኃውን ቀድተን በክፍላችን መስኮት ላይ እናቆመዋለን። የሰኔው ውኃ በማግሥቱ ሲጠራ ከጠርሙሱ ሥር የእንጀራ ውፍረት ያህል ቀይ ጭቃ ይቀራል። የመስከረሙ ግን ከሥሩ ጥቂት ደለል ብቻ ያሳያል። «መስከረምም ወንዙ ሙሉ ነው፤ ታዲያ ልዩነቱ ከምን መጣ?» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። ብዙዎቹ መልሱን ያገኙታል፤ የገበሬ ልጆች ናቸውና። ለጤፍ የሚዘጋጅ ማሳ ደጋግሞ ይታረሳል፤ ዝናቡ ሲጀምር አፈሩ ልሞና ራቁቱን ሆኖ ይጠብቀዋል። በመስከረም ግን ቡቃያው መሬቱን አልብሶታል። በሰኔና በሐምሌ መጀመሪያ የሚወርደው ጎርፍ ስለዚህ ከሁሉ የበለጠ አፈር ይዞ ይሄዳል። አንድ ጊዜ አንዲት ልጅ ጠርሙሱን ከፍ አድርጋ ይዛ «ይህ የማን ማሳ ነው?» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን በአርባ ዓመት የማስተማር ዘመኔ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ የሰማሁ አይመስለኝም።

ዓባይ ማደሪያ እንደሌለውና ግንድ ይዞ እንደሚዞር የሚናገረውን ተረት ሕፃን ሳለን ጀምሮ እንሰማዋለን። ዛሬ ግንዱ አልቋል፤ የሚዞረው አፈር ይዞ ነው። የእንጅባራ ከተማ ሌላው ስሟ ኮሶበር ነው፤ የኮሶ ዛፍ በር ማለት ነው። ዛሬ ስንቱ የኮሶበር ልጅ የኮሶን ዛፍ ከሌላው ለይቶ ያውቃል? በጎረቤቶቻችን ጓሮ ያለው ቀርከሃ ግን እስካሁን አለ፤ ሠሪዎቹም በመንገዱ ዳር ወንበሩንና አልጋውን ደርድረው ይሸጣሉ። ቀርከሃ ሥሩ እንደ መረብ የተያያዘ ስለሆነ የወንዝ ዳርን ከመናድ ይጠብቃል።

ስለ ባሕር ዛፍም ጥቂት ልናገር። ከምንጭ ዳር የተተከለ ባሕር ዛፍ ውኃውን እንደሚጠጣው ሽማግሌዎቹ ሁሉ ይናገራሉ፤ ትክክል ናቸው። ከዳገት ላይ ሲሆን ግን የቤት ማገርና የማገዶ ምንጭ ሆኖ ብዙ ጎጆ አቁሟል፤ ያለ እርሱ የቀረችውም የአገር ዛፍ ተቈርጣ ባለቀች ነበር። የከሰሉ ዛፍ፣ ገበሬው ዲከረንስ የሚለው፣ በፋግታ ለኮማና በባንጃ ከሠላሳ ዓመት ገደማ ወዲህ ተስፋፍቷል። መጀመሪያ ከጤፍ ጋር ይተከላል፤ በአራትና በአምስት ዓመት ይቈረጥና ከሰል ሆኖ እስከ አዲስ አበባ ይሄዳል። በእርሱ ምክንያት ራቁቱን የነበረ ብዙ ዳገት ለብሷል፤ ልጁን በከሰል ገንዘብ ያስተማረ ገበሬም አውቃለሁ። በቅርብ ዓመታት ግን የዝገት በሽታ ገብቶበት ቅጠሉን እያጨማደደ ብዙውን አደረቀው። አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ የተከለ ሰው በአንድ በሽታ ሁሉንም ያጣል፤ ይህም ቢሆን ግን ተክሉን ካልተከለ ሰው ይሻላል የሚል ነው የእኔ ሐሳብ።

አፈሩስ ወዴት ይሄዳል? የተወሰነው ጣና ይገባል። ወደ ጣና ከሚገቡት አራት ትላልቅ ወንዞች፣ ከግልገል ዓባይ፣ ከጉማራ፣ ከርብና ከመገጭ፣ ትልቁ የእኛው ግልገል ነው። ጣና ስፋቱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢሆንም ጥልቀቱ ከ15 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ገዳማቱን በደሴቶቹ ላይ ይዞ የሚያስፈራ ባሕር ይመስላል እንጂ ዝርግ ሳሕን ነው። ዝርግ ሳሕን ደግሞ ቶሎ ይሞላል። ግልገል ዓባይ ከሐይቁ በሚገባበት ቦታ ያፈሰሰው ደለል ከውኃው ውስጥ እንደ ምላስ የወጣ መሬት ሠርቷል። ከማሳው ታጥቦ የሚመጣው ማዳበሪያም ለእምቦጭ አረም ምግብ ይሆነዋል፤ አረሙ በጣና ላይ መታየቱ በይፋ የታወቀው በ2003 እና በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህ በሰሜናዊው ዳርቻ ያለው ዓሣ አጥማጅ ታንኳውን የሚያሳልፍበት ያጣበት ጊዜ ብዙ ነው።

የቀረው አፈር ከዓባይ ጋር ወደ ጉባ ይወርዳል። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲቀመጥ እኔ ገና በሥራ ላይ ነበርሁ። እንደ ሌሎቹ መምህራን ሁሉ የአንድ ወር ደመወዜን ሰጥቻለሁ፤ በየወሩ ሲቈረጥም በቤታችን ሽሮው ቀጥኖ ነበር። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የመያዝ ዐቅም አለው። የምረቃውን ቀን በራዲዮ ስሰማ አልቅሻለሁ፤ ይህን ለመናገር አላፍርም። ነገር ግን ውኃ የሚጠራቀምበት ቦታ ሁሉ ደለል የሚጠራቀምበት ቦታ ነው። በፈጣም የሄደውም፣ በአየሁ የሄደውም፣ በበለስ የሄደውም አፈር መዳረሻው ወደዚያው ነው። ደመወዛችንን በአንድ እጃችን ሰጥተን ማሳችንን በሌላው እጃችን እየላክንበት ነው።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ ልጅ ነገርሁት። ከእኔ በዕድሜ ያንሳል፤ ከእንጅባራ አለፍ ብሎ ከዳገት ላይ ሁለት ጥማድ መሬት አለው። ከሥሩ አንድ ትልቅ ቦረቦር ተከፍቶ በየክረምቱ ወደ ማሳው ሽቅብ ይበላዋል።

«ጋሼ» አለኝ፤ «ውኃውም የእግዜር ነው፤ አፈሩም የእግዜር ነው። እኔ እርከን ብሠራ አንድ አንድ ክንድ መሬት ይበላብኛል። ሁለት ጥማድ ብቻ ላለው ሰው አንድ ክንድ ስንት እንጀራ እንደሆነ ታውቃለህ።»

አውቃለሁ። እርከን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሚሰጠው የሚወስደው ይበልጣል፤ ጥቅሙ የሚታየው ቆይቶ ነው፤ ድሃ ሰው ደግሞ መቆየት አይችልም። ከከተማ መጥቶ ገበሬውን «አላዋቂ» የሚለውን ሰው ስሰማ የምናደደው ለዚህ ነው። የአጎቴ ልጅ አላዋቂ አይደለም፤ ሒሳቡን አሳምሮ ያውቃል። ሒሳቡ ውስጥ ያልገባችው ያች ልጅ የጠየቀችው ጥያቄ ብቻ ናት።

ከሌላ ወገን የሚመጣ ክርክርም አለ። ጥቂት ሰዎች «ቅዱስ ውኃ አይረክስም፤ እግዚአብሔር ያከበረውን ወንዝ ሰው ሊያጠፋው አይችልም» ይላሉ። ሌሎች፣ በተለይ እናንተ ወጣቶች፣ «ይህ የቅድስና ነገር የድሮ ሰው ተረት ነው፤ የሚያስፈልገን ሳይንስ ነው» ትላላችሁ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት በነበርሁ ጊዜ እኔም ሁለተኛውን ቋንቋ ተምሬአለሁ፤ ሲባጎውን የዘረጉልን መምህር ግን ሁለቱን አላጣሉብንም። ለመጀመሪያዎቹ የምለው ይህ ነው፦ መጻሕፍቱን ያለ ጉዳት የመለሰው ውኃ ነው ብላችሁ ታምናላችሁ፤ እኛ የተቀበልነውን አፈር ግን ለልጆቻችን እየመለስን አይደለም። ለሁለተኛዎቹ ደግሞ፦ ሳይንሱን ከተማራችሁት እነሆ ብዙ ዓመት ሆነ፤ የእርከንን ጥቅም የማያውቅ ተማሪ የለም፤ ታዲያ ዕውቀቱ ብቻውን ስንት ቦረቦር ዘጋ? አያቴ ስለ ደለል ምንም ሳታውቅ ምንጩን ጠበቀች፤ የሚያስጠብቃት ፍርሃትና ፍቅር ስለነበራት ነው። ያንን ያህል የሚያስጠብቅ ነገር እስካላገኛችሁ ድረስ በያዘችው ላይ አትሳለቁ።

በየበጋው፣ በተለይ በጥርና በየካቲት፣ ሕዝቡ ለተፋሰስ ሥራ እየተጠራ እርከን ሲሠራ ኖሯል። ወቅቱ ከበዓላት ጋር ይጋጫል፤ ጥር ደግሞ የበዓል ወር ነው። በአንድ ዓመት በአጎቴ ልጅ መንደር የተመደበው የሥራ ቀን ከአቡነ ዘርአ ብሩክ በዓል ላይ ዋለ። ወጣቶቹ በዓል ነው ብለው አካፋቸውን አስቀመጡ፤ የቀበሌው ሰዎች ተቈጡ። ነገሩ ወደ አንድ አረጋዊ መሪጌታ ዘንድ ደረሰ። እርሳቸውም ጥቂት ካሰቡ በኋላ «ማረስ አይፈቀድም፤ ለራስ ጥቅም መቈፈርም አይፈቀድም። የግዮንን ቍስል ማሰር ግን ለበዓሉ ባለቤት የሚሰጥ መባ ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ ሂዱ» አሉ። ራሳቸውም በትራቸውን ተደግፈው ከቦረቦሩ አፋፍ ድረስ መጡ። ወጣቶቹ ከከሰዓት በኋላ ድንጋይ ደረደሩበት፤ ሰኔ ሲገባ ደግሞ ከሥሩ ቀርከሃ ተከሉበት። የአጎቴ ልጅ ከነርሱ ጋር ሲሠራ ዋለ፤ የመጀመሪያውን የቀርከሃ ችግኝ ከጓሮው ቈፍሮ ያመጣውም እርሱ ነው።

ቀርከሃው አሁን ከሰው ቁመት አልፏል፤ ቦረቦሩም ወደ ማሳው መብላቱን አቁሟል። በላይ ያለው የዳገቱ ማሳ ግን እስካሁን እርከን የለውም። ባለፈው ክረምት ሄጄ ስጠይቀው የአጎቴ ልጅ ከአፋፉ ቆሞ ከታች ያለውን ቀርከሃ ለረጅም ጊዜ ተመለከተና «አንዱን ጥማድ ልሞክረው ይሆን ጋሼ?» አለኝ። ከሚስቱ ጋር ገና አልተማከሩም።